የቈላው ቤት ቍልፍ

አንድ ቤት ያለው ሰው ሁለት ቤት ያለውን ሲያይ ባለጸጋ ይመስለዋል። ሁለት ቤት ያለው ሰው ግን በአንዱ ተኝቶ ስለ ሌላው የሚያስብ፣ ዝናብ በዘነበ ቍጥር የማያየው ጣራ የሚያሳስበው ሰው ነው። ይህን የምንናገረው ከሌላ ሰምተን ሳይሆን በገዛ እጃችን ካጠፋነው ጥፋት ተምረን ነውና፣ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥመውን አንባቢ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ታሪኩን እንደ ነበረ እንጽፈዋለን።

የምንኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ ሲሆን፣ ሥራችንም በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት መመዝገብ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በስተ ሰሜንዋም የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀኑም ብሩህ ነው። ሌሊቱን ግን ምድር የሚሸፍናት ደመና አጥታ ሙቀትዋን ሁሉ ስለምትለቅ፣ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ዘልቆ ይገባል። ወጣት ሰው ጋቢውን ደርቦ ያልፈዋል፤ ቍርጥማት የያዘው ሽማግሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

አባታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በጕልማሳነታቸው ከደጀን ወደ አባይ በሚወርደው ቈላ ሲያስተምሩ የሠሩት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበራቸው። ጕልበታቸው ብርድ መፍራት ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ በጋውን በዚያ ቤት ማሳለፍን ልማድ አደረጉ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል። በየሺሕ ሜትሩ ቍልቍለት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ጧት በደጋ ካፖርቱን ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ቀትር ሳይደርስ በቈላ የሸሚዙን ቍልፍ ይፈታል።

ወቅት አይቶ መኖሪያን መለወጥ በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበረና፣ በበጋ ከአገር አገር ሲዘዋወር ቈይቶ ዝናብ ሲመጣ በአንድ ስፍራ ይከርም ነበር። በካናዳና በሰሜናዊው አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ጡረተኞችም በረዶው ሲጀምር ወደ ሞቃቱ ፍሎሪዳ ስለሚወርዱ በአገራቸው «የበረዶ ወፎች» ይባላሉ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በበጋችን ወደ እኛ የሚመጡትን ወፎች ያየ ሰው ስሙ እንደ ተስማማ ያውቃል። እኛም አባታችንን በጨዋታ በዚህ ስም ስንጠራቸው «በጐጃም በረዶ የሚወርደው በክረምት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ነኝ» እያሉ ይመልሱልን ነበር።

ወደ ቈላ መውረድ ግን የራሱ ቀን አለው። አባታችን ከኅዳር ጽዮን በፊት አይወርዱም፤ ከዳግም ትንሣኤም በኋላ አይቈዩም። ክረምቱ ሲወጣ በየጕድጓዱ ተኝቶ በቀረው ውሃ ላይ የወባ ትንኝ ትፈለፈላለችና፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ንዳድ ይበረታል። ሮናልድ ሮስ የወባ በሽታ በትንኝ እንደሚተላለፍ በ1897 እ.ኤ.አ. ሳያረጋግጥ አስቀድሞ፣ የደጋ ገበሬ ቀን ቈላ አርሶ ሌሊት ደጋ መተኛትን ያውቅ ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በሽታው ወደ ከፍተኛው አገር በወጣ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንዳለቀ ይገመታል። አባታችን ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩና፣ የመውረጃቸውን ቀን እንደ ጾም ቀን ያከብሩት ነበር።

እርሳቸው በሌሉበት ወራት የቤቱ ቍልፍ የሚቀመጠው ከአጥር ማዶ ባለ አንድ ጐልማሳ ገበሬ ዘንድ ነበር። ጐረቤቱም ማሽላውን በአንደኛው ክፍል ያስቀምጣል፤ ፍየሎቹን ከጣራው ክፈፍ ሥር ያሳድራል፤ ባለቤቱም አልፎ አልፎ በምድጃው እሳት ታነዳለች። በ2009 ዓ.ም. አባታችን የቤቱን አስተዳደር ለእኛ ሲያስረክቡን ይህን አይተን ተቈጣን። ንብረት መዝጋቢ ነንና፣ የአባታችን ቤት የሌላ ሰው ጐተራ መሆኑ በደል መሰለን። በግንቦት ወር ወርደን ዕቃውን ሁሉ ቈጠርን፤ «አልጋ 1፣ ድስት 3፣ ፋኖስ 1፣ አጎበር 1፣ ሁሉም በደኅና ይዞታ» ብለን በሁለት ቅጂ ጻፍን። ማሽላውንና ፍየሎቹን አስወጥተን በሩን በአዲስ ቍልፍ ቈለፍነው። ጐረቤቱ «ይሁን፤ የእናንተ ነው» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገረም።

ቤት ምን እንደ ሆነ ያስተማረን የዚያ ዓመት ክረምት ነው። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳ ላይ የሚወጣው የአፈር መተላለፊያ እየሠራ ነው፤ ሰው ባለበት ቤት ግን ያን አፈር ያየ ሁሉ በመጥረጊያ ያፈርሰዋል። የምድጃ ጭስ ከእንጨቱ ነፍሳትን ያርቃል። ፍየሎቹን በየማለዳው የሚያወጣ ሰው የግድግዳውን እግር ሳያይ አያልፍም፤ ቦዩም በቅጠል ሲደፈን ይከፍተዋል። እኛ ሌባ ያስወጣን መስሎን ያስወጣነው ይህን ሁሉ ጠባቂ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ጐረቤቱ ለአባታችን ስልክ ደውሎ ግድግዳው እንዳዘመመ ነገራቸው። እርሳቸውም «ደጀን ዘመድ ጠይቄ ልመለስ» ብለውን፣ መለዋወጫ ቍልፉን ከመሳቢያችን ወስደው፣ በጥቅምት መባቻ ወረዱ። ስድሳ ዓመት ያህል ያከበሩትን ቀን የጣሱት፣ በእኛ ምክንያት የተከፋው ጐረቤታቸው የሚፈርሰውን ቤት በየቀኑ እያየ እንዲያልፍ ስላፈሩ ነው። በሩን ሲከፍቱ ምሰሶውን ምስጥ በልቶት ነበር። በዝርዝራችን ላይ በደኅና ይዞታ ያለውን አጎበርም አይጥ ቈራርጦታል። ምሰሶውን ለማስለወጥ ሲሉ ዐሥራ ሁለት ሌሊት ያለ አጎበር አደሩ፤ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጣቸው።

ጐረቤቱ ሦስት ሰዎች ጠርቶ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸክሞ አወጣቸው፤ ጤና ጣቢያም አደረሳቸው። ደማቸው ተመርምሮ ወባ ስለ ተገኘባቸው ሦስት ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጣቸው። በማግስቱ ስንደርስ ያገኘናቸው በጐረቤቱ ቤት፣ በጐረቤቱ አጎበር ውስጥ ተኝተው ነው። የቤቱ ልጆች አጎበሩን ለእርሳቸው ለቅቀው በነጠላ ተጠቅልለው እንዳደሩ ሰማን።

አባታችን ዐይናቸውን ገልጠው አዩንና፣ «ልጄ፣ ዕቃዬን አሳምረህ ጽፈኸዋል። የተሸከመኝ ግን አንተ የቈለፍህበት ሰው ነው» አሉን። በሥራ ላይ ከአለቃ የተግሣጽ ደብዳቤ ደርሶን ያውቃል፤ እንደዚህ ያለ ግን ደርሶን አያውቅም። ወዲያው ተነሥተን ጐረቤቱን ይቅርታ ለመንን። እርሱም «እኔ እዚያ ቤት የገባሁት ለማሽላዬ ብዬ ብቻ አልነበረም፤ ቤት ሰው ከሌለው መቃብር ነው» አለን። ቍልፉን በሁለት እጃችን ሰጠነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በአባታችን በቀድሞው ሥርዐት ነው። ማሽላውም ፍየሎቹም ተመልሰዋል፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን በምድጃው እሳት ይነዳል። የጣራ ጥገና ወጪ የእኛ ሲሆን፣ ጐረቤቱ ለጥበቃው ገንዘብ አልቀበልም ብሏል። አጎበር ይዘን የምንወርደው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ከኅዳር ጽዮን በፊትም ማንም እዚያ አያድርም። ከቈላ ከተመለሱ በኋላ ትኵሳት ሲሰማ «ብርድ ነው» ብሎ መተኛት ቀርቷል። አንዱ የወባ ዐይነት በጕበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላልና፣ የታመመው ሰው ቈላ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ተናግሮ ደሙን ያስመረምራል።

ገንዘብ አልቀበልም ያለን ሰው ዕዳ መክፈል ግን ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የጐረቤቱ ትልቋ ልጅ ለመሰናዶ ትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ መምጣት ነበረባት፤ አባትዋም የክፍል ኪራይ እንዴት እንደሚችል ይጨነቅ ነበር። ይህን ስንሰማ አባታችን በጋውን ወደ ቈላ ሲወርዱ ክፍላቸው ባዶውን እንደሚቀር ትዝ አለን። ልጅቱ መጥታ መስከረምንና ጥቅምትን ከሴቶች ልጆቻችን ጋር አደረች፤ ኅዳር አልቆ ሽማግሌው ሲወርዱ በክፍላቸው ገባች። ሁለት ዓመት ተምራ ስትጨርስ ታናሽ ወንድምዋ ተከተላት።

እንዲህ ሆኖ የደጋው ሰው በቈላ፣ የቈላውም ልጅ በደጋ ቤት አገኙ፤ ከሁለቱ ቤቶችም አንዱ እንኳ ጭስ ሳይወጣበት የሚከርም የለም። አባታችን ከቈላ ስልክ ሲደውሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ልጁ ትምህርት ነው። ልጁም መልሶ ስለ ጕልበታቸው ይጠይቃቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ብቻ ስልኩ ለእኛ ይደርሰናል።