ከወደቧ ያልራቀችው መርከብ

የጦር መርከብ ነገር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የድል ታሪክ ነው። እኔ ግን በታሪክ መምህርነቴ ለተማሪዎቼ አዘውትሬ የማወራላቸው በጠላት ላይ አንዲት ጥይት እንኳ ሳትተኩስ ስለ ሰጠመችው የስዊድን መርከብ ስለ ቫሳ ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት በአለቃ ሥር ለምንውል ሰዎች ይህች መርከብ የምትነግረን ነገር አላት።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። የስዊድን ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ይዋጉ ነበርና በስቶክሆልም ታላቅ የጦር መርከብ እንዲሠራ አዘዙ። ርዝመቷ 69 ሜትር፣ ከታች እስከ ምሶሶዋ ጫፍ ከፍታዋ 52 ሜትር ሆነ። በሁለት ደርብ የተደረደሩትን ጨምሮ 64 መድፎች ተጫኑባት፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቅርጻ ቅርጾችም አስጌጧት። ሥራውን የጀመረው ሆላንዳዊው ሄንሪክ ሂበርትሶን ግን ፍጻሜውን ሳያይ በ1627 ሞተ።

ጕድለቷ ከላይ መክበዷ ነበር። በዚያ ዘመን የመርከብን ሚዛን አስቀድሞ በሒሳብ የሚያሰላ ስላልነበረ፣ ሥራው በልምድ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ሳይታወቅ አልቀረም። ቫሳ ገና በወደብ ሳለች 30 ሰዎች ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው በአንድነት እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ እንደ ሮጡ፣ ልትገለበጥ እስክትደርስ ስለ ተናወጠች፣ ምክትል አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ሙከራውን አስቆሙ። የመርከበኞቹ አለቃ ሥጋቱን ቢገልጽ፣ ሠሪው ከዚህ በፊትም መርከብ ሠርቷልና አትጨነቅ እንደ ተባለ ኋላ መስክሯል። ንጉሡም በጦር ሜዳ ሆነው መርከቢቱ ቶሎ እንድትወጣ ያስቸኵሉ ነበር።

ኦገስት 10 ቀን 1628 ሕዝብ በዳር ቆሞ ሲመለከት ቫሳ ሸራዋን ዘረጋች። 1,300 ሜትር ያህል እንደ ተጓዘች ነፋስ አዘነበላት፤ ውሃው በተከፈቱት የታችኛው ደርብ የመድፍ መስኮቶች ገባ፤ ወዲያውም ሰጠመች። 30 ያህል ሰዎች ሞቱ።

ምርመራ ተደረገ። መርከቢቱ ግን የተሠራችው ንጉሡ በፈቀዱት ልክ ነው ተባለ። መቼም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነውና ማንም ሳይቀጣ ነገሩ ተዳፈነ።

በ1956 አንደርስ ፍራንሴን የተባለ ስዊድናዊ ቫሳን ፈልጎ አገኛት፤ ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ከባሕር ወጣች። የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ በመሆኑ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ ስለዚህ ከ333 ዓመት በኋላም አካሏ አልጠፋም። ስዊድኖችም ኀፍረታችን ነው ብለው አልሸሸጓትም፤ ቤተ መዘክር ሠርተውላት ከ1990 ጀምሮ ለዓለም ያሳያሉ።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ብዬ በክፍል ስጠይቅ፣ አንዱ የንጉሡ፣ ሌላው የአድሚራሉ ይላል። አንድ ቀን ዘወትር ዝም የሚል ልጅ እጁን አወጣና «ለንጉሡ ደብዳቤ የሚጽፈው ማን ነበር?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በወደቡ የጠፋው ዕውቀት አልነበረምና። ሠላሳዎቹ ሯጮች እግራቸው ሥር የተናወጠውን ወለል አውቀውታል። የጠፋው ያንን ዕውቀት ከወደቡ እስከ ንጉሡ የሚያደርስ ሰው ነው።

እውነት መናገር እንጀራ ሊያሳጣ እንደሚችል እናንተም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ጀግና ሁኑ ብዬ አልሰብክም። ነገር ግን ያያችሁትን በጊዜው፣ በቍጥርና በጽሑፍ ለማቅረብ የግድ ጀግንነት አያስፈልግም። የዘገየች መርከብ የአለቃ ቍጣ ታመጣ ይሆናል፤ ቍጣ ግን ይበርዳል። የቫሳ እኅት ኤፕሌት ወርዷ በአንድ ሜትር ያህል ሰፍቶ ተሠራችና ሠላሳ ዓመት ያህል በባሕር ላይ አገለገለች። በሁለቱ መካከል የነበረው የወርድ ልዩነት ይህችው አንድ ሜትር ነበረች።