ተወካያችን ለዕረፍት ሲመጡ የተነሣው የወለድ አገድ ጥያቄ



ዛሬ ስለ ፓርላማ ነው የምጽፈው። የመስጂድ ሰው ፓርላማ ምን አገባው የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ሼክ ሁሴን የምንኖር ሰዎች ከደጋው ወገኖቻችን ጋር የሚያገናኘን ብዙ ነገር አለ። የዐረፋ ሰሞን ሲሆን ከሲናና፣ ከጋሰራ፣ ከአጋርፋ፣ ከአርሲም ጭምር ሕዝቡ ወደኛ ይወርዳል። (ስለ ዚያራው ያለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።) ታዲያ የሚመጣው ሰው ዱዓ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ክርክሩንም ይዞ ይመጣል። የኢማማችን ረዳት በመሆኔ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያስታርቁ ወረቀት የማነበው፣ ውል የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፉት ዓመታት ካነበብኳቸው ወረቀቶች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ወለድ አገድ።

የማያውቅ ካለ እንዲህ ነው። ገበሬው በሽታ ወይም ሠርግ ይመጣበትና ገንዘብ ይበደራል። አበዳሪው በወረቀት ላይ ወለድ አይጠይቅም። ይልቁንም ብሩ እስኪመለስ መሬቱን ይዞ ያርሳል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በዚሁ ስም ያውቀዋል። አብሮኝ ቂርኣት የቀራ የአንድ ጓደኛዬ አባት ግማሽ ሄክታር የስንዴ መሬት በ40 ሺህ ብር አስይዘው ነበር። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለቴ እንደሚዘራ ታውቃላችሁ፤ ገና አለ፣ ቦና አለ። አበዳሪው አራት ዓመት፣ ስምንት ምርት አነሣ። ከአራት ዓመት በኋላ ዕዳው ስንት ነው? 40 ሺህ ብር። አንዲት ሳንቲም አልቀነሰችም። የሚገርመው ደግሞ አበዳሪውም ሰጋጅ ናቸው፤ «እኔ ወለድ አልበላሁም፣ ስንዴ ነው የበላሁት» ይላሉ።

ኡስታዞቻችን ያስተማሩን ግልጽ ነው። ብድር ለአበዳሪው በውል የታሰረ ጥቅም ካመጣ ያ ጥቅም ሪባ ነው፤ ብር ሆነ ስንዴ ለውጥ የለውም። መያዣ (ረህን) ማለት ዕዳው እንዳይጠፋ ማስተማመኛ እንጂ ለአበዳሪ ማረሻ አይደለም።

አሁን ወደ ተወካያችን ልምጣ። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ሰውየውን ላሞግስም ልነቅፍም አይደለም የተነሣሁት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ዓመት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው ይላል፤ በመሐልም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ስለዚህ ክረምት ላይ አባላቱ የመረጣቸውን ሕዝብ ሊያነጋግሩ ይወጣሉ። ባለፈው ክረምትም መጡና ሰው ተሰበሰበ። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የተነሣው ውኃ ነው፤ ቀጥሎ መንገድ። አንድ ወጣት ድሬ ሼክ ሁሴን በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ከሰፈረ ከ2003 ጀምሮ እዚያው እንደቆመ፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ግን መስከረም 2016 በዋናው መዝገብ እንደገባ ተናገረ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መልሱ «እንከታተላለን» ሆነ።

ከዚያ ተወካያችን በምክር ቤቱ የሠሩትን ሲዘረዝሩ ሁለት ሕግ ጠቀሱ። አንዱ በሰኔ 2012 የወጣው፣ ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤታችን ሕጋዊ ሰውነት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1207 ነው። እሱን ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ብለን ያለፍነው ነው። ሁለተኛው በ2016 የጸደቀው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ነው። የ1997ቱን አዋጅ 456 ተክቷል። «ከእንግዲህ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለባንክ አስይዞ መበደር ይችላል፤ ከአራጣ አበዳሪ ትወጣላችሁ» አሉ። ሰው አጨበጨበ።

አንድ ከደጋ የወረዱ ሐጂ ግን ተነሡና «ልጄ፣ ባንኩ ያለ ወለድ ይሰጠኛል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጭብጨባው ቆመ።

እኔም ከዚያ በኋላ አዋጁን አግኝቼ አነበብኩት። ተወካያችን ያሉት ትክክል ነው። መሬቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የታሰረ ነው። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው። ለክርስቲያን ጎረቤቴም ሆነ ለእኔ የተከፈተ በር ነው። ነገር ግን እኔ በዚያ በር ስገባ የማገኘው የወለድ ውል ከሆነ፣ ከወለድ አገድ ወጥቼ ወደ ወለድ መግባቴ ነው። በሐላሉ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ገበሬ በሁለት ሐራም መካከል መቆም የለበትም።

ወለድ አልባ ባንክ አለ አይደል ትሉኛላችሁ። አለ፤ አልሐምዱሊላህ። በ2004 በመስኮት ደረጃ ተፈቀደ፤ በ2011 ደግሞ ሙሉ ባንክ ለማቋቋም መንገዱ ተከፈተ፤ በ2013 ዘምዘም ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራም ተከተለ። ሕጉን ፓርላማው ያወጣል፣ ዝርዝሩን ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ይሠራል። ይሁን እንጂ እስካሁን ውል ይዘው ከመጡልኝ ገበሬዎች መካከል በወለድ አልባ መንገድ ለማዳበሪያና ለዘር የተበደረ አንድም አላየሁም። ያየሁት የነጋዴ ሙራበሓ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ተናግሮ ይሸጥልሃል፣ አንተም ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ታቀርባለህ። የስንዴ ገበሬ ከየት ያመጣል?

ሸሪዓችን እኮ ለገበሬ የተለየ መንገድ አለው፤ ሰለም ይባላል። ገዢው ዋጋውን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፣ ገበሬው ስንዴውን በምርት ጊዜ ያስረክባል። መጠኑ፣ ዓይነቱና የመረከቢያው ቀን ተለይቶ ከታወቀ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውታል፤ መዲና ሲገቡ ሰዎች በተምር ላይ ይህን ሲሠሩ አግኝተው ሥርዓት አስያዙት እንጂ አልከለከሉም። ለቦና ስንዴ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ባንኮቹ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሆነው ቢሞክሩት የሚል ሐሳብ ለተወካያችን ነገርኳቸው። ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከወር በኋላ ስልክ ደውለው ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ እንዳነሡት፣ የመሬት አስተዳደሩ ዝርዝር ደግሞ የክልሉ ሥልጣን ስለሆነ ለጨፌው አባልም ንገሩ አሉኝ። መደወላቸው ራሱ ለእኛ አዲስ ነው።

እስከዚያው ገበሬው ምን ያድርግ? ለሚመጡት የምነግራቸው ይህን ነው። መሬትህን በብድር ከማስያዝ በታወቀ ኪራይ አከራይ። 40 ሺህ ከፈለግህ ሁለት ዓመት በዚህ ዋጋ ብለህ አከራየው፤ ኪራዩን አስቀድመህ ተቀበል፤ ጊዜው ሲያልቅ መሬቱ ያለ ዕዳ ይመለሳል። ይህ ኢጃራ ነው፣ ሐላል ነው። ውሉን ግን በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግብ፤ እኔ የምጽፍልህ ወረቀት ብቻውን ፍርድ ቤት አይቆምልህም።

ሐጂው ከተናገሩ በኋላ አንዲት እናት ከሴቶቹ ወገን ተነሥተው «ደብተሩ ላይ የእኔም ፎቶ አለ፤ ባለቤቴ መሬቱን ሲያስይዝ ግን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ፤ እኔ አላሳቀኝም። ደብተሩ የሁለቱ ከሆነ እሳቸው ሳይፈቅዱ የተሰጠው መሬት የሰው ሐቅ ነው። ይህን ደግሞ ለመከልከል ፓርላማ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስት ቀርባ ሳትፈርም የመሬት ውል አልጽፍም ብያለሁ። ሁለት ሰዎች ተቆጥተውኝ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደዋል።

ለተወካያችን ሦስት ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። የውሎቹ ዝርዝር አለበት፣ የባለ መሬቶቹ ስም የለበትም፤ ሰዉ ከአበዳሪው ጋር ዛሬም አንድ ሶፍ ላይ ነው የሚሰግደው። በመሐሉ ዕረፍት ሲመጡ በእጃቸው እንሰጣቸዋለን ኢንሻአላህ። እናንተም ሲናና፣ ጎሮ፣ ጊኒር ያላችሁ፣ በየሰፈራችሁ ወለድ አገድ ላይ ያለውን መሬት ቁጠሩና ላኩልን።

ወላሁ አዕለም።