ማሟያ የተባለው ዘበኛ

የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ይቆጡን ይሆናል እንጂ «ኮምፕሊመንት» የሚለው ስም እኛን የቋንቋ ተማሪዎቹን አላረካንም። ማሟያ ማለት ነው። ቤልጂጋዊው ዡል ቦርዴ፣ በሙቀት የሚበላሽ አንዳች የደም ነገር ካልታከለበት አንቲቦዲ ብቻውን ባክቴሪያን እንደማይገድል አሳየ፤ የ1919 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስሙን ያወጣው ግን ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ነው። ዛሬ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች መሆናቸው ታውቋል። እኛ ብንጠየቅ ኖሮ ዘበኛ እንላቸው ነበር።

ዘበኛ መታወቂያ ይጠይቃል አይደል? የገዛ ሴሎቻችን «የቤት ልጅ ነን» የሚሉ ፕሮቲኖች በገላቸው ላይ ስላሉ ያልፋሉ። መታወቂያ የሌለው ላይ ሲ3 የተባለው ፕሮቲን ይለጠፍበታል፤ ማክሮፋጅ የሚባሉት በላተኛ ሴሎችም ምልክቱን አይተው ይውጡታል።

እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ፣ አንዳንድ ቅባት ውኃ ሲያገኝ በራሱ ጊዜ ጥቃቅን ከረጢት እንደሚሠራ አሳየ። ሊፖሶም ይሉታል፤ መድኃኒት ይቋጠርበታል። ቅባቱ የሴላችንን ሽፋን ቢመስልም መታወቂያ ግን የለውም። ስለዚህ አንዳንዱ ሕመምተኛ መድኃኒቱ በደም ሥሩ መግባት በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያውም መድኃኒቱን ከዚያ በፊት ቀምሶት ሳያውቅ! አለርጂ ይመስላል እንጂ የተለመደው አለርጂ አይደለም፤ ዘበኛው ነው የደነበረው።

ነገሩ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ ቢሆን ባልነካነው። መተማና ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ ካላዛር ታስይዘዋለች። ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ያልቃል፣ ካልታከመ ይሞታል። ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች አንዱ በሊፖሶም የተቋጠረ አምፎቴሪሲን ቢ ነው።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የካላዛር ተውሳክ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ሳይሆን በዚያው በማክሮፋጁ ሆድ ውስጥ ነው። የሲ3ን ምልክት ለብሶ፣ ተውጦ ይገባል፤ ገብቶም አይፈጭም፣ ይራባል እንጂ። ከረጢቱንም እነዚያው የጉበትና የጣፊያ ማክሮፋጆች ይውጡታል፤ መድኃኒቱ በተደበቀው ተውሳክ ላይ ይወርድበታል። ዕጢ ጋ ሳይደርስ መዋጥ ለካንሰር መድኃኒት ኪሳራ ነው፤ ለካላዛር ሕመምተኛ ግን መዳኛ ሆነ። ቢሆንም ጠብታው በዝግታ ነው የሚለቀቅ፤ በተለይ በመጀመሪያው ቀን፣ ትንፋሹን የሚያይለት ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት።