የአዳራሹ ብርሃንና የመምህሩ ሌንስ

በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን የስፖርት ውድድር በፎቶግራፍ ለማስቀረት የሚነሣ ሰው ለዐይኑ የበቃው ብርሃን ለካሜራውም የሚበቃ ይመስለዋል። የሰው ዐይን ግን ለጋስ ነው፤ ድንግዝግዝታን ይለምዳል፣ የጎደለውንም ከልቡ ይሞላል። ካሜራ ይህ ጠባይ የለውም።

አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ይህን የተረዳው በትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች መረብ ኳስ ውድድር ላይ ነበር። ለግድግዳ ጋዜጣው የሚሆኑ ፎቶግራፎችን እንዲያዘጋጅ አደራ ተሰጥቶት፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የተገዛውን ሌንስ ይዞ ገባ። መረቡ፣ የዳኛው መቆሚያ፣ ተቀምጠው የሚመለከቱት ተማሪዎች ጥርት ብለው ወጡ፤ የተጫዋቾቹ ፊትና ክንድ ግን እንደ ጢስ ተበትኖ ቀረ። ከልጃገረዶቹ አንዷ ፎቶግራፉን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «ቲቸር፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?» አለችው።

መምህሩ ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ መደብር የሄደው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ሻጩ ያቀረበለት ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ረጅም ሌንስ ነበር። ስፖርት ሲባል ሩቁን ማቅረብ የሚታሰብ በመሆኑ በሻጩ አይፈረድም፤ በሜዳ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ ቢሆን ምክሩ ትክክል ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው ርካሽ ረጅም ሌንስ በሩቁ ጫፍ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። እስከ 200 ሚሊሜትር እየደረሰ ኤፍ 2.8 የሚከፈተው የባለሙያዎቹ ሌንስ ደግሞ ከመምህር ኪስ ጋር አይተዋወቅም።

ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ይልቅ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይኸውም በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ፣ በአይ ኤስ ኦ 1600፣ ለ1/60 ሰከንድ ይከፈት የነበረው መዝጊያ ከ1/500 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል ማለት ነው። በ1/60 ሰከንድ ውስጥ ኳስ የምትመታ ልጅ ክንድ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ በ1/500 ከሞላ ጎደል ይቆማል። አይ ኤስ ኦውን ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉ እንደ አሸዋ መሻከር ይጀምራል።

ስለሆነም መምህሩ አጭሩንና ርካሹን፣ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሆነውን ሌንስ መረጠ። ርካሽ መሆኑ ግን የብልሃት ማነስ ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል በቪየና ብዙ ብርሃን የሚያስገባ የፊት ፎቶግራፍ ሌንስ በስሌት ቀመረ፤ በ1896 የሳይሱ ፓውል ሩዶልፍ ፕላናርን አስገኘ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንሶች የዚያ የፕላናር ዘር ናቸው፤ ሒሳቡ ከተጠና ዘመን አልፎታል፣ ምርቱም ብዙ ነው። ከዜኒት ካሜራ ጋር ይመጣ የነበረው የሶቭየቱ ሄሊዮስ 44ም ኤፍ 2 ይከፈታል። ሆኖም ጥራቱ በእጅ እየዞረ ስለሚስተካከል፣ ለምትዘል ልጅ እጅግ የሠለጠነ ጣት ይጠይቃል።

ሌንሱ ያላቀረበውን እግር ማቅረብ ነበረበት። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ የሴቶች መረብ ቁመት 2 ሜትር ከ24 ሳንቲም። መምህሩ በአግዳሚው ላይ መቀመጡን ትቶ፣ በዳኛው ፈቃድ፣ ከመስመሩ ውጭ በመረቡ አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት የሚለው ክልል ይጠባል፤ በ6 ሜትር ርቀት ላይ ወደ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ኳሷን መከተሉን ተወ። የምትመታው ልጅ የምትዘልበትን ቦታ አስቀድሞ እያነጣጠረ ይጠብቃት ጀመር። የአዳራሹ አሮጌ የሸንበቆ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚደምቁና ስለሚደበዝዙ፣ ከተከታታይ ፎቶግራፎቹ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ቢጫ እየሆነ አስቸገረው። ለዚህ መድኃኒቱ ደጋግሞ ማንሣት ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ልጅቷ ራሷን አገኘች፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው። ኳሷ ከፎቶግራፉ ውጭ ቀርታለች። መምህሩም የ85 ሚሊሜትር ሌንስ ዋጋ መጠያየቅ ጀምሯል።