ያከመው አይፈትነው

የሕክምና ተማሪዎች ደህንነት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታየኝ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ባነር፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ መድረኩ ላይ «ሕልማችሁን አትልቀቁ» የሚል አነቃቂ ተናጋሪ። ተማሪው ያጨበጭብና ወደ ዱቲው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ዝግጅት አልጠላውም፤ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ያስቃል። የታመመ ተማሪ የት ሄዶ ይታከም ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። ከገጠር ነው የመጣው። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ በተሰማ ቀን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ጠራው። ገና አናቶሚ እያስጨነቀው ለበዓል ቤቱ ሲሄድ ጎረቤቱ አንዱ ወገቡን፣ ሌላው ጉልበቱን፣ ሌላዋ የልጇን ሳል ታሳየዋለች። እናቱም በስሙ መጥራት ትተው «ዶክተሬ» ይሉት ጀመር። ከውጭ ሲታይ ደስ ይላል። ውስጡ ላለው ልጅ ግን መመለሻ የሌለው መንገድ ነው። ሌላ ትምህርት የሚማር ልጅ «ከበደኝ፣ ልቀይር» ሊል ይችላል። አገር ዶክተር ያለው ልጅ ምን ብሎ ይመለሳል?

ሲ አንድ ስንደርስ ከክፍል ወጥተን ዋርድ ገባን። ጠዋት ሞርኒንግ፣ ቀን ራውንድ፣ ማታ ዱቲ። ራውንድ ላይ በሕመምተኛውና በአስታማሚው ፊት ተጠይቆ መልስ ያጣ ተማሪ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ሁሉም መምህር አንድ አይደለም፤ «አንብበህ ነገ ንገረኝ» ብለው የሚያልፉም ነበሩ፣ እነሱ እስከ ዛሬ በባቻችን ስማቸው በምስጋና ይነሳል። ልጁ መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ምግብ ተወ። ከዚያ ሞርኒንግ መቅረት ሲጀምር «ሰነፈ» ተባለ። ዓመቱ ሳያልቅ ዊዝድሮው ሞልቶ ወጣ፣ አልተመለሰም።

ከዓመታት በኋላ በስልክ ስናወራ «ካርድ አውጥቼ ነበር እኮ» አለኝ። ለካ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ተራ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች ብቅ አሉ፤ የራሳችን ሲኒየሮች። ከፊታቸው የነበረው መምህር ደግሞ በቀጣዩ ዓመት እኛን የሚፈትን ነው። ካርዱን ወንበሩ ላይ ትቶ ሄደ።

ይህን የአንድ ልጅ ዓይን አፋርነት አድርጌ አላየውም። አሠራሩን ተመልከቱት። የሕክምና ተማሪ ሲታመም የሚታከመው በሚማርበት ሆስፒታል ነው። የሕመሙን ታሪክ የሚጠይቀው ኢንተርን የዶርም ጎረቤቱ ነው። ሬዚደንቱ ዱቲ ላይ አለቃው ነው፣ ስፔሻሊስቱ ማርክ ይሰጠዋል። ለጉንፋን ችግር የለውም። «አማኑኤል ገባ» ማለት እስካሁን እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር ግን ለአእምሮ ጤና እንዲህ ባለ ቦታ ተራ ይዞ መቀመጥ ከሕመሙ በላይ ይከብዳል።

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው ኤልሲኤምኢ የተባለ አካል ይህን በመስፈርቱ አስገብቶታል። ተማሪን ያከመ ባለሙያ ያንኑ ተማሪ አይመዝንም፤ ማለፍ መውደቁ ሲወሰንም ድምፅ የለውም። ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ሁለት ሆስፒታል ባለበት ከተማ ከሌላኛው ጋር መስማማት ይቻላል። በሌለበት ሌላ ከተማ ካለ ሐኪም ጋር በስልክ ማገናኘት ይቻላል። የተማሪ ካርድ ለብቻው ተቆልፎ እንዲቀመጥ ማድረግም ቁም ሳጥንና ቁልፍ ነው የሚፈልገው።

«እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው» የሚሉ ሲኒየሮች አሉ። እውነት ነው፤ ግን ይህን የሚሉት ያለፉት ብቻ ናቸው። ያላለፉት ሞርኒንግ ላይ ስለማይገኙ የሚጠይቃቸው የለም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እንኳ የጄኔቫን ቃለ መሐላ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያሻሽል፣ ሐኪሙ የላቀ እንክብካቤ ለመስጠት እንዲችል የራሱንም ጤናና ደህንነት እንደሚጠብቅ ቃል የሚገባበት ዐረፍተ ነገር ጨምሮበታል።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ይዘው ሥራ ሲያቆሙ ተማሪዎቹም ከዶርማቸው ሆነው ይከታተሉ ነበር። ነገ የሚጠብቃቸውን ኑሮ ነው ያዩት። እሱ ጥያቄ የመንግሥት በጀት ይፈልጋል። ይህኛው ግን በአንድ ዲን ፊርማ ያልቃል።

ይህን ቻናል የምታነቡ ዲኖችና መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ የላይብረሪውንና የካፌውን አሠራር ማስረዳታችሁ አይቀርም። በዚያው ቀን አንድ ስልክ ቁጥርም ስጧቸው፤ ማርክ ከማይሰጣቸው ሐኪም ጋር የሚያገናኝ።