ሻጩን በከንቱ ረገምሁት

ሰሞኑን ከመንገድ ዳር አንድ እቅፍ ካርኔሽን ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሁ። በሁለተኛው ቀን አበቦቹ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ዐይን ክድን፣ ጭምትር አሉ። “የከረመ ሸጠልኝ!” ብዬ ሻጩን ረገምሁት። አጠገባቸው ያደረውን የአርባ ምንጭ ሙዝ ግን ልብም አላልሁት።

ለካ ጥፋቱ የሙዙ ነው። ሙዝ ሲበስል ኢትሊን የሚባል ዐይን የማያየው ጋዝ ይተነፍሳል። ጋዙ የደረሰው ካርኔሽን በቶሎ ማርጀት ይጀምራል፤ ይባስ ብሎ ራሱም ያንኑ ጋዝ ያመነጫል፣ ጎረቤቱንም ያስረጃል። ከተሞች በጋዝ መብራት በሚያበሩበት ዘመን ካርኔሽን የሚያለሙ ሰዎች “አበባችን ተኛብን” እያሉ ያማርሩ ነበር። ክሮከርና ናይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሺካጎ ላይ ሲመረምሩት፣ በመብራቱ ጋዝ ውስጥ ያለው ኢትሊን እጅግ ጥቂትም ቢሆን አበባውን እንደሚከድነው አዩ። የእኛ ሙዝ ነጋዴዎችም ስሙን ሳይጠሩት ይሠሩበታል፤ ክፍል ዘግተው ላምባ የሚያጨሱት ጭሱ ይህን ጋዝ ስለያዘ ነው።

ይኼኔ የጭሱ ነገር ሐሳቤን ወገዳ ወደሚባለው አገር ወሰደው። ጳጉሜን ሲያልቅ ልጃገረዶቹ እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ከአደይ ጋር ይጎነጉኑና ምሰሶ ላይ ያስራሉ። ከሥሩ ምድጃው ይጨሳል። “አደያችንን የሚያጠወልገው ጭሱ ነው ማለት ነው!” ብዬ እናቴ ዘንድ ደወልሁ።

“አንተ ልጅ፣ ውኃ ማን አጠጣውና ነው? ምሰሶ ላይ እኮ ነው!” አለችኝ።

እውነቷን ነው። አደይ የሱፍና የክሪሳንተመም ዘመድ ነው፤ የዚህ ወገን አበቦች ደግሞ አብዛኞቹ ለኢትሊን ደንታ የላቸውም። የሚጎዳቸው ጥሙ ነው። ከሥሩ የተቆረጠ አበባ ውኃው ብቻ አይደለም የሚቀርበት፤ ከሥር እየወጣ እርጅናን የሚያዘገየው ሳይቶካይኒን የሚባል ሆርሞንም ይቋረጥበታል። ውኃ ሲያጣ ደግሞ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሌላው ሆርሞን ይበረታበታል።

ካርኔሽን ነጋዴዎች መላ አላቸው፦ እንደተቆረጠ ብር ያለበት ውህድ ያጠጡታል፤ ብሩ አበባውን ለጋዙ ደንቆሮ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ይህ የለንም። የግንዱን ጫፍ ቆረጥ አድርጉት፣ ውኃውን ቶሎ ቶሎ ለውጡ፣ ከሙዝና ከጭስ አርቁት። ያ ሻጭ ይህን ካነበበ ደግሞ ይቅር በለኝ፤ ሙዙን ጓዳ አስገብቼዋለሁ።