አንዲት ክንፍ

በ1996 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን መምህራችን እንዲህ ሲል ነገረን፤ «በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የአራዊትና የአዕዋፍ ሙዚየም አለ። ሙዚየም ማለት ብርቅ የሆነውንና ያለፈውን ነገር ሰብስበው ለሚመጣው ትውልድ የሚያኖሩበት ቤት ነው። ነገር ግን መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣልና ልወስዳችሁ አልችልም። ስለዚህ ግድግዳ የሌለውን ሙዚየም አሳያችኋለሁ።» እኛም እጅግ ደስ አለን።

በማግሥቱ ማለዳ ከሴቻ ቁልቁል ወረድን። ከከፍታው ላይ ሆነን ስናይ ሁለቱ ሐይቆች፣ አባያና ጫሞ፣ በሩቅ ተዘርግተው ነበር። የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ምድር ሰዎች የእግዜር ድልድይ ይሉታል። ከዚያ ማዶ የሜዳ አህያ የሚሰማራበት የነጭ ሳር ሜዳ አለ፤ ብሔራዊ ፓርኩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው። እኛ ግን የሄድነው በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ደን፣ ለከተማችን ስም ወደ ሰጡት ወደ አርባዎቹ ምንጮች ነበር።

በደኑ ውስጥ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል አየን። እኔ ከባልንጀሮቼ ወደ ኋላ ቀርቼ ስሄድ በመኪናው መንገድ ዳር አንዲት የሞተች ወፍ አገኘሁ። መልክዋ የደረቀ ቅጠልና አፈር ይመስል ነበር። ለጨዋታ ብዬ ላባዋን ነጨሁ፤ ወደ ነፋስም በተንሁት። የቀረውን ወደ ወራጁ ውሃ ጣልሁት። አንድ ላባ ብቻ በኪሴ ቀረ።

ከምንጩ አጠገብ ከትልቅ ሾላ ሥር በተቀመጥን ጊዜ መምህራችን ይህን ታሪክ ነገረን።

«እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሳር ሜዳ አንዲት ወፍ በመንገድ ላይ ሞታ አገኙ። ሌሊት እየበረሩ ነፍሳትን ከሚያድኑት፣ ቀን ግን በምድር ላይ ተኝተው ከአፈሩ ከማይለዩት ወፎች ወገን ነበረች። ሬሳዋ ተበላሽቶ ስለ ነበር አንዲቱን ክንፍ ብቻ ወሰዱ። ያችንም ክንፍ በሙዚየም ካሉት ከሌሎች አዕዋፍ ክንፎች ጋር አስተያዩአት፤ የምትመስላትንም አላገኙም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀች ወፍ ናት ብለው ስም አወጡላት። የስምዋም ትርጓሜ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። ሊቃውንት ስለ እርስዋ መመራመርን አልተዉም፤ ክንፊቱም በእንግሊዝ አገር በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቃለች። ልጆች ሆይ፣ ያን ቀን ያለፈው መንገደኛ የሞተች ወፍ ናት ብሎ በእግሩ ገፍቶአት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ምን እናውቅ ነበር?»

ይህን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። ባልንጀሮቼ ሲስቁ እኔ ዝም አልሁ። ብናገር መምህሩ ይቈጣኛል፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ነገር ግን አባቴ ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ነበረና ሁልጊዜ የሚለኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ «ልጄ፣ የተበጠሰውን ድር ሳይቋጥር የደበቀ ሸማኔ፣ ጋቢው ራሱ ይመሰክርበታል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ተነሥቼ ላባውን ለመምህሬ ሰጠሁት፤ ያደረግሁትንም ሁሉ ነገርሁት።

ወደ መንገዱ ተመልሰን ብዙ ፈለግን፤ ነገር ግን ነፋሱና ውሃው ሁሉን ወስደውት ነበር። መምህሬ አልመታኝም። ላባውን በብርሃን ላይ አገላብጦ ካየ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ወፊቱ ምን እንደ ነበረች ከዚህ ልነግርህ አልችልም። ምናልባት ሁልጊዜ የምናያት ወፍ ናት፤ ምናልባትም አይደለችም። ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እውነቱን መናገርህ ግን መልካም ነው።»

ከዚያም የፓርኩን ጠባቂ አስፈቅዶ ላባውን በደብተሬ ላይ እንድለጥፍ አዘዘኝ። «በሙዚየም ያለ ነገር ሁሉ የተገኘበት ቀንና ስፍራ ይጻፍበታል፤ አንተም ጻፍ» አለኝ። ቀኑንና ስፍራውን ጻፍሁ። ከበታቹም በእርሱ ትእዛዝ፣ «የቀረውን ሳላውቅ ጣልሁት» ብዬ ጨመርሁ። ይህን ሦስት ቃል ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ያ ደብተር እስከ ዛሬ በእጄ አለ። ላባው ደብዝዞአል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። እናንተም ልጆች ሆይ፣ በመንገዳችሁ ላይ የማታውቁትን ነገር ብታገኙ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ቆማችሁ ተመልከቱ፤ የሚያውቀውንም ሰው ጠይቁ። ብትሳሳቱም ስሕተታችሁን አትሰውሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፣ የተጠበቀ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ይናገራል፤ የጠፋውን ግን የሚመልሰው የለም።